በውድ ኮከቦች ዙሪያ አሸናፊ የሆኪ ቡድን እንዴት ይሠራል?

በጁን 7፣ 2018 ማታ ዲሲ ቻይናታውን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ መንቀሳቀስ አቃተኝ። መንገዱ በቀይ ማልያ ተሞልቷል። የበረዶ ሆኪው ፍጻሜ የሚካሄደው ላስ ቬጋስ ነው፤ ሕዝቡ ግን ስታዲየሙ ደጃፍ በተተከለ ስክሪን ሊያይ ነቅሎ ወጥቷል። ኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ "እዚሁ ልውረድ" ብሎ በሩን እንኳ በቅጡ ሳይዘጋ ሮጠ። ያን ቀን የከተማው ቡድን ዋሽንግተን ካፒታልስ በታሪኩ የመጀመሪያውን ስታንሊ ካፕ፣ ማለትም የሊጉን ዋንጫ፣ በላ። እኔንም ሆኪ የያዘኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ኳስ እያየ ያደገ ሰው ሆኪ ላይ መጀመሪያ ግር የሚለው ፐኩ (በኳስ ፋንታ የሚመቱት ጠፍጣፋ ጎማ) አይደለም፤ ገንዘቡ ነው። በአውሮፓ ኳስ ባለቤቱ ሀብታም ከሆነ ኮከብ ይገዛል፤ አልበቃ ሲለው ሌላ ይደርብበታል። የሰሜን አሜሪካው ሊግ ኤንኤችኤል እንዲህ አይሠራም። ባለቤቶችና ተጫዋቾች በደመወዝ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው የ2004-05 ውድድር ከነጭራሹ ተሰርዟል። ከዚያ ጠብ የተወለደው የደመወዝ ጣሪያ ነው፦ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በድምሩ በዓመት ከዚህ በላይ አይከፍልም የሚል ሕግ። በ39 ሚሊዮን ዶላር ተጀመረ፤ ለ2025-26 ደግሞ 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። ባለቤቱ የቱንም ያህል ባለጸጋ ይሁን፣ ለአንዱ የጨመረውን ከሌላው መቀነሱ አይቀርም።

እንግዲህ እናንተ ጄኔራል ማናጀር፣ ተጫዋች የሚያስፈርመውና የሚሸጠው ኃላፊ፣ ሆናችኋል እንበል። በኮምፒውተር ጌም ይሁን፣ ከሥራ ባልደረቦች ጋር በምትጫወቱት ፋንታሲ ይሁን፣ ወይም ለክርክር ብቻ። ሦስት አራት ውድ ኮከቦች አሏችሁ። "ለነሱ ይህን ያህል ከፍለህ ዋንጫ አታገኝም" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ለኮከብ መክፈል ቡድን አይገድልም። ቡድን የሚሞተው መሃሉ ላይ ነው፤ ኮከብም ርካሽም ባልሆኑት ተጫዋቾች ላይ። ከታች ያለው አሠራር በሙሉ የተሠራው በዚህች ሐሳብ ላይ ነው።

1. ወረቀት ያዙ፤ ከዶላሩ አጠገብ በመቶኛውን ጻፉ

በወረቀቱ ላይ 23 መስመር አስምሩ። አንድ ክለብ መያዝ የሚችለው ይህን ያህል ተጫዋች ነው። ለጨዋታ የሚሰለፉት 20 ናቸው፦ አብዛኛውን ጊዜ 12 አጥቂ፣ 6 ተከላካይና 2 በረኛ። አንድ ተጫዋች በሚፈርምበት ጊዜ ካለው ጣሪያ ከ20 በመቶ በላይ ማግኘት አይችልም። ዝቅተኛው ደመወዝ በ2025-26 775 ሺህ ዶላር ነው። ለጣሪያው የሚቆጠረው ደግሞ በየዓመቱ በእጁ የሚገባው ገንዘብ ሳይሆን የውሉ ዓመታዊ አማካይ ነው። ለምሳሌ 77 ሚሊዮን በ7 ዓመት ማለት በየዓመቱ 11 ሚሊዮን ነው፤ ክፍያው ፊት ላይ ቢበዛም ኋላ ላይ ቢበዛም ለውጥ የለውም።

በመቶኛው ለምን? ዶላር ያታልላላ። ሲድኒ ክሮስቢን ውሰዱ። ከ2008-09 ጀምሮ ዓመታዊ አማካዩ 8.7 ሚሊዮን ነው። ማልያው 87 ቁጥር ነው፤ የተወለደውም በ1987 ኦገስት 7 ቀን ነው፤ ቁጥሩን ይወደዋል። ውሉ ሲጀምር ጣሪያው 56.7 ሚሊዮን ስለነበረ ከ15 በመቶ በላይ ይወስድ ነበር። በ2025-26 ያው 8.7 ሚሊዮን 9 በመቶ ገደማ ነው። ሰውየው ደመወዙ አንድ ሳንቲም ሳይነካ ረከሰ። ፒትስበርግ በ2009፣ በ2016ና በ2017 ዋንጫ ሲበላ የዚህ ቁጥር ድርሻ ትንሽ አልነበረም።

የተገላቢጦሹን ያየው ቶሮንቶ ነው። በ2018ና በ2019 አራት አጥቂዎቹን በተከታታይ አስፈረመ፦ ጆን ታቫሬስ 11 ሚሊዮን፣ ኦስተን ማቲውስ 11.6፣ ሚች ማርነር 10.9፣ ዊሊያም ኒላንደር 7 ገደማ። ሒሳቡ የተሠራው ጣሪያው በየዓመቱ ይጨምራል ተብሎ ነው። ከዚያ ኮቪድ መጣ። ጣሪያው በ81.5 ሚሊዮን ላይ ለሦስት የውድድር ዘመን ቆመ። አራቱ ሰዎች ግማሹን ለመውሰድ ትንሽ ቀራቸው። ስለዚህ ወረቀቱን ስትሠሩ ሁለት ጊዜ ሥሩት፦ አንዴ ጣሪያው ሲጨምር፣ አንዴ ባለበት ሲቆም። አሁን ጊዜው ጥሩ ነው። ለ2026-27 104 ሚሊዮን፣ ለ2027-28 113.5 ሚሊዮን ተብሏል። ግን እነ ቶሮንቶም ያኔ ጊዜው ጥሩ ነው ብለው ነበር።

2. ኮከቡ በረዶ ላይ የሚቆይበትን ደቂቃ ቁጠሩ

ይሄ ነጥብ ለኳስ ተመልካች ቁልፍ ነው። በኳስ ኮከቡ 90 ደቂቃውን ይጫወታል። በሆኪ ግን አጥቂ አንዴ ከገባ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ትንፋሹ አልቆ ይወጣል። ምርጡ አጥቂ በ60 ደቂቃ ውስጥ ቢጫወት 20፣ ቢበዛ 22 ደቂቃ ነው። 12 ሚሊዮን የምትከፍሉት ሰው የጨዋታውን ሁለት ሦስተኛ ቤንች ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። ያን ጊዜ በረዶው ላይ ያሉት ርካሾቹ ናቸው። ዋና ተከላካይ ትንሽ ይሻላል፤ 25 ደቂቃ ይደርሳል። በረኛው ብቻ ነው ሙሉውን የሚቆመው።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ቀላል ነው። ትልልቁን ገንዘብ በአንድ ዓይነት ቦታ አትከምሩት። ቶሮንቶ አራቱንም ትልልቅ ውሎች ለአጥቂ ሰጠ። ታምፓ ቤይ በ2020-21 የነበረውን ተመልከቱ፦ ክንፍ ላይ ኒኪታ ኩቸሮቭ 9.5፣ በረኛ አንድሬ ቫሲሌቭስኪ 9.5፣ ስቲቨን ስታምኮስ 8.5፣ ተከላካይ ቪክቶር ሄድማን 7.875፣ ሴንተር (የመሃል አጥቂ) ብሬደን ፖይንት 6.75። ደምሩት፤ 42 ሚሊዮን ያልፋል። በዚያው 81.5 ሚሊዮን ጣሪያ ከቶሮንቶ በላይ ለኮከብ ከፍሏል ማለት ነው። የሰበሰበው ግን በረኛም፣ ተከላካይም፣ ሴንተርም ነው። በ2020ም በ2021ም ዋንጫው የሱ ሆነ። (የ2021ዱ ትንሽ ነገር አለበት፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።)

ፍሎሪዳ ፓንተርስም በ2024ና በ2025 ያሸነፈው በዚህ መልክ ነው። ሴንተሩ አሌክሳንደር ባርኮቭ 10፣ ክንፉ ማቲው ካቸክ 9.5፣ በረኛው ሰርጌይ ቦብሮቭስኪ 10 ሚሊዮን። ቦብሮቭስኪ በ2019 ሲፈርም ብዙ ሰው ስቆበታል። አሁን የሚስቅ የለም።

3. ኮከቡ ሳይፈነዳ አስፈርሙት

ኮሎራዶ በ2016 ናታን ማኪነንን ለ7 ዓመት በ6.3 ሚሊዮን አስፈረመ። ልጁ 20 ዓመቱ ነበር። ኤድመንተን በ2017 ሊዮን ድራይሳይትልን ለ8 ዓመት በ8.5 ሚሊዮን ሲያስፈርም "ተወደደ" ተባለ። ኋላ ሁለቱም በሊጉ የኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ሽልማት አገኙ፤ ኮሎራዶም በ2022 ዋንጫውን ሲያነሳ ማኪነን የሚከፈለው ያው 6.3 ሚሊዮን ነበር። ቀጣዩ ውሉ 12.6 ነው፤ ልክ እጥፍ።

አሠራሩ፦ ወጣቱ የመጀመሪያ ውሉን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። "ዛሬ ከሚገባው በላይ ነው" የሚያስብል ገንዘብ ስጡት፤ ዓመቱን ግን አስረዝሙ። ዕድሜው ከ22 ወይም 23 በታች ከሆነ አደጋው የሚመስለውን ያህል አይደለም።

አደጋው ያለው ሌላው ጫፍ ላይ ነው። ሚኒሶታ በጁላይ 4፣ 2012 ዛክ ፓሪዜንና ራያን ሱተርን እያንዳንዳቸውን ለ13 ዓመት በ98 ሚሊዮን አስፈረመ። ሁለቱም ያኔ 27 ዓመታቸው ነበር። በ2021 ክለቡ ሁለቱንም ውላቸውን ገዝቶ አሰናበታቸው። የስንብቱ ዕዳ ግን ጣሪያው ላይ ቀረ። በ2023-24ና በ2024-25 በእያንዳንዱ ዓመት ከ14 ሚሊዮን በላይ ለሌሉ ሰዎች ተቆጠረበት። አንድ ሙሉ ኮከብ፣ ግን ማልያ የማይለብስ። ከሴፕቴምበር 2026 በሚጀምረው አዲሱ ስምምነት ለራስ ተጫዋች ከ7 ዓመት፣ ለመጤ ከ6 ዓመት በላይ ውል የለም። ከራስ ስህተት የሚያድን ሕግ ነው ብል አልዋሸሁም።

4. ሒሳቡን በእጃችሁ ሥሩት

አሁን 95.5 ሚሊዮኑን እናከፋፍል። አራት ኮከብ፣ አማካያቸው 11 ሚሊዮን፤ 44 ወጣ። ዋናው በረኛ 6፣ ተጠባባቂው 1.5፤ 44 ቀረ። ሁለት ጠንካራ ተከላካይ፣ 6፣ 6፤ 32 ቀረ። የተሞላው 8 መስመር ነው፤ ባዶው 15።

ከ15ቱ 8ቱን 1 ሚሊዮን አካባቢ በሚከፈላቸው ሙሉ፤ 24 ቀረ። የቀሩት 7 ሰዎች በአማካይ 3.4 ሚሊዮን ይደርሳቸዋል።

ጥሩ ቡድን ነው። ይቻላል። አሁን ከሰባቱ አንዱን ወስዳችሁ "ባለፈው ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር ቀጥሎ ባለው ጥሎ ማለፍ) ጎበዝ ነበር" ብላችሁ 5.5 ሚሊዮን ስጡት። ከስድስቱ ላይ 2 ሚሊዮን ተቀነሰ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አድርጉ። አምስቱ አሁን 2.6 ሚሊዮን ብቻ ነው ያላቸው። ሦስተኛውን ሞክሩ፤ ወረቀቱ ላይ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ሰርግ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። የበሬው ዋጋ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ያስደነግጣል፣ ይከፈላል፣ አለቀ። በጀቱን የሚጨርሰው መሃል ላይ ያለው ነው፦ ዲኮሩ፣ ሊሞው፣ "ትንሽ ነው እኮ" እየተባለ የሚጨመረው ሁሉ። ሲያልቅ ሁሉም የሚያማው ግን በበሬው ነው።

5. በጁላይ 1 እጃችሁን ሰብስቡ

ነጻ ተጫዋቾች የሚፈርሙበት ገበያ በጁላይ 1 ይከፈታል፤ በእኛ ሰኔ 24። የዓመቱ ትልቁ ሞኝነት የሚሠራበት ቀን ነው። ያን ቀን ማናጀሩ የሚገዛው ያለፈውን ዓመት ነው።

ቺካጎን እዩ። በ2013 ብራያን ቢኬል በ23 የፕሌይኦፍ ጨዋታ 9 ጎል አገባ። እስከ ሰባት ጨዋታ በሚዘልቀው ፍጻሜ፣ በስድስተኛው ጨዋታ ቦስተን ላይ መጨረሻ አካባቢ አቻ ያደረገው እሱ ነው፤ ከ17 ሰከንድ በኋላ ዴቭ ቦላንድ ዋንጫውን ጨረሰው። ለቢኬል 4 ዓመት በ16 ሚሊዮን ሰጡት። ማን ይፈርድባቸዋል? ግን ፓትሪክ ኬንና ጆናታን ቴውዝ እያንዳንዳቸው በ10.5 ሚሊዮን ሲፈርሙ ያ 4 ሚሊዮን ጉሮሮ ላይ ተሰነቀረ። በ2016 ካሮላይና እንዲወስድላቸው ለመለመን ቴቮ ቴራቫይነንን ጨምረው ሰጡ። 21 ዓመቱ ነበር፤ ካሮላይና ሄዶ ለዓመታት ዋና ተጫዋች ሆነ። ቢኬልም በዚያው ዓመት ኤምኤስ የሚባል የነርቭ ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ሰውየው ሲወቀስበት የነበረው ድካም ከስንፍና የመጣ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

የቺካጎ ውድቀት ሁልጊዜ የሚለጠፈው በሁለቱ 10.5 ሚሊዮኖች ላይ ነው። እኔ ግን ቴራቫይነንን ነው የማስታውሰው።

ለመሃለኛ ተጫዋች ሕጋችሁ ይህ ይሁን፦ ከ3 ዓመት በላይ አይፈርምም፣ ዕድሜው 30 ካለፈ ከ2 ዓመት በላይ አይፈርምም። "እምቢ ካለስ?" ይሂድ። ከእጅ አይሻል ዶማ ለሆነ ሰው አምስት ዓመት ማሰር ለምኔ። ኮከብ ሲሄድ ክፍተቱ ይታያል፤ ሦስተኛ መስመር (በሦስተኛ ተራ የሚገቡት አጥቂዎች) ላይ ያለ ክንፍ ሲሄድ ግን ሌላ ይገኛል።

6. ርካሾቹ የሚገቡባቸው ሦስት በሮች

ስምንቱን የ1 ሚሊዮን መስመሮች በማን ትሞላላችሁ? ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። ጥሩ ማናጀርና መጥፎ ማናጀር የሚለዩትም እዚህ ነው፤ ኮከብማ ማንም ያውቀዋል።

የመጀመሪያው በር ድራፍት ነው፤ ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት። ከ18 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚፈርም ልጅ የ3 ዓመት የጀማሪ ውል ይይዛል፤ መነሻ ደመወዙ ቢበዛ 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጄክ ጌንትዝል በ2017 ለፒትስበርግ በፕሌይኦፍ 13 ጎል ሲያገባ በዚህ ውል ላይ ነበር። ችግሩ፣ ጥሩ ቡድን ድራፍት ላይ መጨረሻ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዙር ምርጫችሁን ለጊዜያዊ ተጫዋች በቀላሉ አትለውጡ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ላይ ለስካውት (ተሰጥኦ ፈላጊ) የምታወጡት ገንዘብ ደግሞ ጣሪያ የለበትም። ጣሪያው የተጫዋቾች ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። ሀብታም ባለቤት ካላችሁ ገንዘቡን እዚያ ላይ ያፍስሰው።

ሁለተኛው በር ዌቨር የሚባለው ነው። ልምድ ያለውን ተጫዋች ወደ ታችኛው ሊግ ለማውረድ የፈለገ ክለብ መጀመሪያ ለሌሎቹ ሁሉ ያሳየዋል፤ 24 ሰዓት ውስጥ የፈለገ በነጻ ይወስደዋል፣ ደመወዙን ብቻ ይከፍላል። ካሮላይና በጃንዋሪ 2021 ጉስታቭ ፎርስሊንግን እንዲህ አወጣው። ፍሎሪዳ ወሰደው። በ2024 ዋንጫውን ሲያነሱ ፎርስሊንግ በሊጉ ካሉት ምርጥ ተከላካዮች አንዱ ነበር፤ ዓመታዊ አማካዩ ደግሞ 2.7 ሚሊዮን አይሞላም። በየቀኑ የዌቨሩን ዝርዝር የሚያይ አንድ ሰው ይኑራችሁ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ በዓመት አንዴ ቢሳካለት ደመወዙን ይችላል።

ሦስተኛው፣ ሌሎች የጣሉትን ማንሳት ነው። ታምፓ በ2020 ዋንጫ በልቶ ጣሪያው ስለጠበበው ካርተር ቨርሄጊን ለቀቀው። ፍሎሪዳ በዓመት 1 ሚሊዮን ለሁለት ዓመት ያዘው። በ2022-23 42 ጎል አገባ። ከሻምፒዮን ክለብ ቤንች ላይ የሚነሳ ልጅ ሁልጊዜ ይታይ። አቅሙን ያላየነው ጎበዝ ስላልሆነ ላይሆን ይችላል፤ ፊቱ ኮከብ ቆሞበት ይሆናል።

ወደዚያች የቻይናታውን ማታ ልመለስ። ካፒታልስ በ2008 አሌክሳንደር ኦቬችኪንን ለ13 ዓመት በ124 ሚሊዮን አስፈርሟል። በ2016ና በ2017 በመደበኛው ውድድር ከሊጉ አንደኛ ወጣ፤ ሁለቴም በሁለተኛው ዙር ፒትስበርግ አሰናበተው። በ2017 በጋ ብዙ መሃለኛ ተጫዋች ሄደበት። "አበቃለት" ተባለ። ያን ጁላይ ኒው ጀርሲ ውሉን ገዝቶ ያሰናበተውን ዴቫንቴ ስሚዝ-ፔሊን ለአንድ ዓመት በ650 ሺህ ዶላር ወሰዱት። በመደበኛው ውድድር 7 ጎል አገባ። በፕሌይኦፍም 7።

አምስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ቬጋስ 3 ለ 2 እየመራ ነው። ብሩክስ ኦርፒክ ከኋላ የላከው ፐክ ስሚዝ-ፔሊ እግር ስር ደረሰ። በጫማው ወደ ፊት ገፋው፣ እየወደቀ በደረቱ በረዶው ላይ ተንሸራቶ በዱላው ጫፍ ወደ ጎል ሰደደው። 3 ለ 3። ብዙም ሳይቆይ ላርስ ኤለር አራተኛውን አገባ። ኦቬችኪን በዚያ ፕሌይኦፍ 15 ጎል አግብቶ የምርጥ ተጫዋች ሽልማት ወሰደ፤ ይገባዋል። ዋንጫውን ያስቻለችው ግን ያቺ የ650 ሺህ ጎል ነች። መኪና ውስጥ ሆኜ ጩኸቱን ብቻ ነው የሰማሁት። ጎሏን ያየኋት በማግስቱ ነው።

7. የራሳችሁን ልጆች ሌላ ሳይመጣ እሰሩ

የጀማሪ ውል የጨረሰ ወጣት ገና ነጻ አይደለም፤ ግን ሌላ ክለብ በወረቀት ጥያቄ ሊያቀርብለት ይችላል። ክለባችሁ 7 ቀን አለው። ወይ ያንኑ ገንዘብ ይከፍላል፣ ወይ የድራፍት ምርጫ ካሳ ይዞ ልጁን ያጣል።

ኤድመንተን በ2024 ፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ ተሸነፈ። ጁላይ 1 ላይ ሁለት የታወቁ አጥቂዎች ገዛ፦ ቪክቶር አርቪድሰን በ4 ሚሊዮን፣ ጄፍ ስኪነር በ3። ድምሩ 7። ሁለቱ ወጣቶች፣ ተከላካዩ ፊሊፕ ብሮበርግና አጥቂው ዲላን ሆሎዌይ፣ ሳይፈርሙ ቀሩ። "የት ይሄዳሉ" ተብሎ መሆን አለበት። ኦገስት ላይ ሴንት ሉዊስ ለብሮበርግ 4.58፣ ለሆሎዌይ 2.29 ሚሊዮን አቀረበ። ድምሩ 6.87። ኤድመንተን ጣሪያው ሞልቷልና ሁለቱንም ለቀቃቸው፤ በካሳ ያገኘው አንድ የሁለተኛና አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነው። ሆሎዌይ በቀጣዩ ዓመት 63 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ሰበሰበ። ስኪነር የ2025ቱን ፕሌይኦፍ አብዛኛውን ከውጭ ሆኖ አየው፤ አርቪድሰን በበጋው ተሸጠ። ኤድመንተን ፍጻሜውን እንደገና ተሸነፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ። ከጁን በፊት ወጣቶቹ፤ ከዚያ በኋላ ገበያው።

8. እስከ ማርች ትንሽ ቦታ አቆዩ

ጣሪያው የሚሰላው በቀን ነው። መጀመሪያ ላይ 1 ሚሊዮን ባዶ ብትተዉ በየቀኑ ይጠራቀማል፤ ዝውውር በሚዘጋበት ማርች ላይ ያቺ 1 ሚሊዮን ከ4 ሚሊዮን በላይ ዓመታዊ ደመወዝ ያለውን ሰው ትሸከማለች። የሚሸጠው ክለብ ደግሞ እስከ ግማሽ ደመወዙን ራሱ ጋ ማስቀረት ይችላል። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ የመጨረሻዋን ሳንቲም አትጠቀሙ።

ምን ትገዛላችሁ? ስም አትግዙ። የጎደለውን ግዙ። ካፒታልስ በፌብሩዋሪ 2018 ሚካል ኬምፕኒን በአንድ ሦስተኛ ዙር ምርጫ ከቺካጎ አመጣ፤ ከዋናው ተከላካይ ከጆን ካርልሰን ጋር ጥንድ ሆኖ ዋንጫ ድረስ ሄደ። ታምፓ በ2020 ብሌክ ኮልማንንና ባርክሌይ ጉድሮውን ውድ በሚባል የድራፍት ዋጋ አመጣ፤ ደመወዛቸው ግን ትንሽ ነበር። ከያኒ ጉርድ ጋር የሠሩት ሦስተኛ መስመር የባላጋራን ኮከቦች እያደከመ ሁለት ዋንጫ አስገኘ። በ2021 ዋንጫው ማግስት ሦስቱም ሄዱ። ታምፓ በግድ አላስቀራቸውም፤ ልክ ነበር።

የ2021ዱን ነገር ቃል ገብቻለሁ። ኩቸሮቭ መደበኛውን ውድድር በሙሉ በሕመም ፈቃድ አሳለፈ። የሱ 9.5 ሚሊዮን ያህል ታምፓ ከጣሪያው በላይ እንዲያወጣ ተፈቀደለት፤ በፕሌይኦፍ ደግሞ ጣሪያው አይሠራም ነበርና ሰውየው ተመልሶ ገባ። ዋንጫውን ሲበሉ "ከጣሪያው 18 ሚሊዮን በላይ" የሚል ቲሸርት ለብሶ ታየ። ድፍረቱ ያስቃል። አሁን ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ከ2025-26 ጀምሮ በፕሌይኦፍም የሚሰለፉት 20 ሰዎች ደመወዝ ከጣሪያው በታች መሆን አለበት። አሮጌ ምክር ይዛችሁ ይህን መንገድ እንዳትሞክሩት።

9. "አልዘዋወርም" የሚለውን አንቀጽ በልክ ስጡ

ኮከብ ሲፈርም ያለፈቃዱ እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ ይጠይቃል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ስጡ። ለአራቱም ከሰጣችሁ ቁልፉን አስረከባችሁ። ማርነር በእንዲህ ያለ አንቀጽ ተጠብቆ ውሉን ጨረሰ፤ በ2025 በጋ ወደ ቬጋስ ሲሄድ ቶሮንቶ በምትኩ ያገኘው ኒኮላስ ሩዋን ብቻ ነው።

ቶሎ መሸጥም መድኃኒት አይደለም። ኮሎራዶ በጃንዋሪ 2025 ሚኮ ራንታነንን ለካሮላይና ሸጠው፣ ካሮላይና በማርች ለዳላስ ሸጠው። ዳላስና ኮሎራዶ በመጀመሪያው ዙር ተገናኙ። ሰባተኛው ጨዋታ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ራንታነን ሦስት ጎል። ኮሎራዶ ወደ ቤቱ።

10. አሁን በራሳችሁ ሞክሩት

መለማመጃ እንዲሆናችሁ የ2026-27ን ሚኒሶታ ያዙ። እዚያ አካባቢ ያላችሁ የሀገሬ ልጆች ደግሞ ለክርክር ይጠቅማችኋል። የፓሪዜና የሱተር ትልቁ ዕዳ አልፏል። በወረቀቱ አናት ላይ 104 ጻፉ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ኪሪል ካፕሪዞቭ፣ 17 ሚሊዮን፣ 8 ዓመት፤ ከ16 በመቶ በላይ ነው። ሁለተኛው ላይ ብሮክ ፌበር፣ 8.5። ሦስተኛው ላይ ማት ቦልዲ፣ 7። ደምሩት፤ 32.5። በቀረው 71.5 ሚሊዮን 20 ሰው ሙሉ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ዕድሜውንና ውሉ የሚያልቅበትን ዓመት ጻፉ። እርሳስ ተጠቀሙ እንጂ እስኪርቢቶ አትጠቀሙ። መሃል ላይ ስትደርሱ ብዙ ትሰርዛላችሁ።